መሪ፣ ቦርጭና ስኳር

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ግብዣ አደረገልኝ። በግ ታረደ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ አለቃው ተነስቶ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ የመንግሥት ንብረት ጠባቂ» እያለ አመሰገነኝ። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። በእግሬ መጥቼ ነው የተቀመጥኩት። ሁለቱም እግሮቼ አሉ፣ ዓይኔ ያያል፣ እተነፍሳለሁ። ስኳር ይዞት ዕድሜውን መሪ ላይ ለጨረሰ ሰው ሽልማት ማለት ይሄ ነው። የግድግዳ ሰዓትም ሰጡኝ፤ እሱንም ተቀበልኩ።

የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎረምሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ምልክትና ከመኪና መውጫ ወረቀት በቀር ብዙ አላነበብኩም። ልጄ «አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። አንቺ ከጻፍሽው ያንቺ ይሆናል አልኳት። ስለዚህ የተንጋደደ ነገር ካለ የኔ ነው፣ ማንም አይወቀስበት።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባሁት በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ጌዶ። ከዚያ በፊት የነጋዴ መኪና ይዤ ከነቀምት መስመር እህል እጭን ነበር። ደሞዙ ከነጋዴው ያንሳል፣ ግን ጡረታ አለው ተባልኩና ገባሁ። መኪና ከኔ በላይ የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ ነበር።

ጌዶ ላይ ያገኘሁት ዋና ሹፌር ኦቦ ጉተማ ይባላል። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። በር የሚሞላ ሰው ነው፤ ትከሻው እንደ በሬ፣ ሆዱም ወጣ ያለ። በመጀመሪያው ቀን እጄን ጨብጦ እንዲህ አለኝ።

«ጉተማ እባላለሁ። ስኳር አለብኝ። መንገድ ላይ ላብ ካጠመቀኝና የማይሆን ነገር ካወራሁ፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አለ፤ አፌ ውስጥ ክተትልኝ። ከዚያ በላይ አትጨነቅ።»

ሰው በሽታውን ከሚስቱ በሚደብቅበት አገር እንዲህ የሚናገር አላየሁም ነበር። ትንሽ የነካው መስሎኝ ነበር።

ጉተማ አንድ ሕግ አለው፤ ሞተር ሲጠፋ ሹፌር ይነሳል። ሌሎቻችን ባለሙያዎቹ ስብሰባ ሲገቡ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጠን፣ ኮፍያ ፊታችን ላይ ደፍተን እንተኛለን። እሱ ይወርዳል። መኪናውን ይዞራል፣ የጎማውን ቡሎን አንድ በአንድ በእጁ ይነካል፣ ከዚያ ወደ ገበያው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ከብት ተራው ይሄዳል። ምሳውን ሰዓቱ ሲደርስ ስብሰባው አለቀ አላለቀ ይበላል። ጫማውን ሳያራግፍ አያደርግም። ማታ ማታ እግሩን ታጥቦ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ያደርቃል። እንደ ሙሽራ ነው የሚጠነቀቅለት እያልን እንስቅበት ነበር።

ወንዝ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ድልድይ የሌለው መሻገሪያ ላይ ስንደርስ መኪናውን ያቆማል፤ ቦቲ ጫማውን አድርጎ ዱላ ይዞ ይገባል። በባዶ እግሩ ግን አይገባም፤ የስኳር ሰው እግሩ ቢቆረጥ አይሰማውም ይላል። ድንጋዩን በዱላ ይነካካል፣ አሸዋውን ይረግጣል፣ ውሃው ከጉልበቱ ካለፈ ይመለሳል። ካላለፈ ማዶ ይወጣና መኪናው በሚወጣበት በኩል ለምልክት ትልቅ ድንጋይ አስቀምጦ ይመጣል። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳይነካ፣ ነዳጁን ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ዓይኑን ድንጋዩ ላይ ተክሎ ያሻግራል። መሃል ላይ ማርሽ የቀየረ ሰው ውሃ ውስጥ ያድራል።

እኔ ይሄንን ጊዜ ማባከን ነው አልኩ። አንድ ክረምት ላይ እሱ ከኋላ በሌላ መኪና እየመጣ፣ እኔ ሳልወርድ ገባሁ። መሃል ላይ የፊት ጎማዬ ጉድጓድ ገባና ሞተሩ ጠፋ። ውሃው በበሩ ስር ገብቶ እግሬን አራሰኝ፤ ከኋላ የተቀመጠችው ባለሙያ ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጉተማ ዱላውን ይዞ፣ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ እየተራመደ መጣና በመስኮት አየኝ።

«ያ ኦቦሌሳ፣ አሁንማ በእግርህ መግባትህ አይቀርም» አለኝ። ወንድሜ ሆይ ማለቱ ነው።

ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ሳልረግጥ አልነዳሁም። ሌላውን ትምህርቱን ግን አልወሰድኩም። ስለ መኪና ሲናገር እሰማዋለሁ፣ ስለ ሰውነት ሲናገር ወሬ ይመስለኛል።

እዚያው ጌዶ ሳለሁ ውሃ ጥም ያዘኝ። ጠጥቼ አልረካ፣ ለሽንት በየመንገዱ መቆም ሆነ። ጉተማ ሁለት ቀን አይቶኝ በሦስተኛው ጤና ጣቢያ ይዞኝ ሄደ። ስኳር ነው ተባልኩ። ክኒን ሰጡኝ። ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ።

ቀጥሎ ወደ አምቦ ተዛወርኩ። አምቦ ሥራው ብዙ መኪና፣ ብዙ አለቃ፣ ብዙ ምሳ ነው። የመስክ ጉዞ ከሆነ አለቃው የገባበት ሆቴል ሹፌሩም ይገባል፤ ጥብስ ይመጣል፣ ሹፌር ደግሞ አይግደረደርም። ከዚያ መኪና ውስጥ፣ ከመኪናው ቤት፣ ከቤት መኪና። ቦርጭ አወጣሁ። ሰው ሁሉ «አማረብህ፣ አምቦ ተስማማህ» ይለኛል። ማን ይጠላል? ባለቤቴ ወርቅነሽ ብቻ ናት «ይሄ አላማረኝም» የምትለው።

አምቦ ላይ ደረጀ የሚባል ሹፌር ጓደኛ አገኘሁ። ቀልደኛ ነው፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያስቃል። እሱም ስኳር አለበት፣ እሱም ቦርጫም ነው። አንድ ቀን ሁለታችንም ክትትል ሄድን፣ ሐኪሙ ለሁለታችንም አንድ ነገር ነገረን፤ ክብደት ቀንሱ። እንዴት እንደምንቀንስም ሊነግረን ጀምሮ ነበር፣ እኛ ግን መኪና ቆሞብናል ብለን ወጣን።

በረንዳው ላይ ተወራረድን። ሁዳዴ ገብቶ ነበርና እስከ ፋሲካ ብዙ የቀነሰ ያሸንፋል፤ የተሸነፈ በግ ይገዛል። ጠዋት ክኒናችንን በውሃ እንውጣለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም፣ ከዚያም ጥቂት ጎርሰን እንተዋለን። ቀኑን ሙሉ ደግሞ መሪ ላይ። አስራ አንድ ሰዓት ገደማ እጄ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ አስፋልቱ ይደበዝዝብኛል። ይሄ ቦርጩ እየለቀቀ ነው እንባባላለን።

የነፍስ አባቴ ሰምተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንተ በሽተኛ ነህ፤ ጾሙን ፈትቼልሃለሁ» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ የምጾመው ለነፍሴ አይደለም፣ ለቦርጬ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ ጾም አይባልም» አሉ፤ «እሱ ረሃብ ነው።»

ጉተማም በዚያው ሰሞን አምቦ ተዛውሮ መጥቶ ነበር። እሱ ጴንጤ ነው፤ ደረጀ አይለቀውም።

«ኦቦ ጉተማ፣ ጾም የማታውቅ መሆንህን ሆድህ ይመሰክርብሃል።»

«ሆዴ ይመስክር፣ እግሬም ምስክር ነው» አለ ጉተማ። «እናንተ መኪናውን ቀለም ቀባችሁ እንጂ ሞተሩን አልነካችሁትም።»

ፋሲካ ሲደርስ ደረጀ አሸነፈኝ። ሱሪው ወገቡ ላይ ተሸብሽቦ በቀበቶ ታስሮ ነበር። እኔም ብዙ ቀንሻለሁ፣ ግን ከእሱ አልደርስም፤ በጉን ገዛሁ። ደረጀ ከፋሲካም በኋላ አላቆመም። ክኒኑን ተወ። ሲውጠው ያንቀጠቅጠዋል፤ እሱ ጥፋቱን በረሃቡ ሳይሆን በክኒኑ አሳበበ። «ቦርጩ ሄደ፣ ስኳሩም አብሮት ሄደ» ይላል። እኔም አመንኩት። ሰው ሲከሳ ዳነ ብለን ነው የምናስበው።

ከዚያ ወንጪ ሄድን። ከላይ እንግዶች መጥተው በሦስት መኪና ነበርን፣ እኔ፣ ደረጀና ጉተማ። እንግዶቹ በፈረስ ወደ ሐይቁ ወርደው በጀልባ ደሴቱ ላይ ወዳለው ገዳም ሊሻገሩ ነው። እነሱ ከወረዱ በኋላ አለቃው ደወለ፤ የውሃ መመርመሪያው ሳጥን መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ አምጡልን። ፈረሶቹ ሁሉ ከእንግዶቹ ጋር ሄደዋል። ሦስታችንም ሳጥኑን እየተቀባበልን በእግር ወረድን። መውረዱ ቀላል ነው፤ ደረጀ እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ነበር። ሳጥኑን አስረከብን፣ ሐሮ ወንጪ የምትባለው የሐይቁ ዳር መንደር ላይ ትንሽ አረፍን፣ መውጣት ጀመርን።

ወንጪን የወጣ ያውቀዋል። ጉተማ ዱላውን ይዞ፣ ያንን ሁሉ ሆድ ይዞ፣ እንደ አንደኛ ማርሽ አንድ ዓይነት እርምጃ እየረገጠ ፊት ፊት ወጣ። ትንፋሹ ይሰማል ግን አይቆራረጥም። እኔ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በኋላ በየጥቂት እርምጃው መቆም ጀመርኩ። ቀሎኛል ያልኩት ሰውነቴ ድንጋይ ሆነብኝ።

«ጉተማ፣ ሆድህን እዚያው አስቀምጠውና ውጣ፣ ስንመለስ እናመጣልሃለን» አለ ደረጀ ከኋላዬ።

ጉተማ ሳቀ። ደረጀ ሌላ ቀልድ ሊጨምር መስሎኝ ስዞር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። በላብ ተነክሯል፣ ደረቱን በመዳፉ ይዟል።

«ምን ሆንክ?»

«ትንሽ ልረፍ። የበላሁት ነገር ነው።»

ምንም አልበላም ነበር። ጉተማ ወርዶ መጣ፣ ከረሜላ አፉ ውስጥ ከተተለት፣ ጠበቀ። ለውጥ የለም። ክንዱን ያዘው፣ «እዚህም ያምሃል?» አለው። ደረጀ ራሱን ነቅንቆ አዎ አለ። ጉተማ ቀና ብሎ «ይሄ ስኳር መውረድ አይደለም፣ ልቡ ነው» አለኝና በኦሮምኛ ወደ ቤቶቹ ተጣራ። የሰፈሩ ሰዎች ደርሰው ባሕር ዛፍ በጋቢ አሥረው ቃሬዛ ሠሩ።

እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ጓደኛዬ ነው፣ ማን ይያዝ? ጥቂት እንደተራመድን እግሬ ታጠፈ፤ ቃሬዛው ሊገለበጥ ሲል ጉተማ ከእጄ ነጠቀው።

«ልቀቀው። ቀድመህ ውጣና መኪናውን አዙረህ ጠብቀን።»

ቀድሜ መውጣት አልቻልኩም። ቃሬዛው አለፈኝ። ቦርጫሙ ሰውዬ የቀነሰውን ሰውዬ ተሸክሞ፣ ሌላውን የቀነሰ ሰውዬ ጥሎት ሄደ። አፋፉ ላይ ስደርስ ደረጀን ከኋላ ወንበር አጋድመውት፣ መኪናው ዞሮ፣ እኔን ይጠብቁ ነበር።

«አንተ ንዳ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለ ጉተማ።

ያኔ የወንጪ መንገድ ድንጋይ ነበር። ሕመምተኛ የያዘ ሹፌር መሮጥ ያምረዋል፤ መሮጥ ግን መግደል ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው የሚይዙት፣ ጭንቅላቱ እንዳይናጥ። ጉድጓዱን አንድ ጎማ ብቻ እንዲገባበት ያደርጋሉ። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ደረጀ አንዴ «ሠርግ ነው እንዴ የምትነዳው፣ ፍጠን» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሆስፒታል በሕይወት ደረሰ። አልጋ ላይ አወጡት፣ ሐኪሞቹ ተረባረቡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ። የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ፣ አልበቃም።

ከቀብር በኋላ ቀጣዩ እኔ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ደረቴን ትንሽ ከወጋኝ መጣ እላለሁ። ወርቅነሽም እንደዚያው አሰበች፤ ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማ «አለህ?» ትለኛለች። ጌዶ ያለች እህቷ ጋ በየዓመቱ ሄዳ ትሰነብት ነበር፣ ቀረች። እህቷ ስትወልድ እንኳ ልጆቻችንን ላከች እንጂ አልሄደችም። «ስመለስ ሬሳ ላገኝ ነው?» ትላለች።

ከሰልስቱ ማግስት ጠዋት ጉተማ በራችን ላይ ቆመ።

«ካኢ፣ ዴሚ» አለኝ። ተነስና ተራመድ ማለት ነው።

«ልሞት ነው፣ ተወኝ።»

«ልትሞት ከሆነ መንገድ ላይ ሙት። ለሬሳ ሳጥን የሚሆን ቦታ እዚያም አለ።»

ወርቅነሽ ጫማዬን አምጥታ አራግፋ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ቀን ሁሉቃ ወንዝ ድረስ ሄደን ተቀምጬ ተመለስኩ። ከዚያ ማዶ። ከዚያ ዳገቱን። እሱ ከኔ ጋር እያወራ ይሄዳል፤ ማውራት ካቃተኝ ቀስ ይላል። ክትትል ክፍል ይዞኝ ሄዶ፣ ሐኪሟ ስትናገር በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ፣ እንዳልወጣ። በክኒን ላይ መራብ እንደሌለብኝ፣ ክብደቱም ቀስ ብሎ መውረድ እንዳለበት፣ ቁጭ ያለ ሰውነት ግን ወፈረም ከሳም እንደሚዝግ ያን ቀን ሰማሁ። የእኛን የሁዳዴ ታሪክ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሞተር ሲጠፋ መነሳት ጀመርኩ። ይሄ ካንድ አለቃዬ ጋር አጣላኝ። ስብሰባ ላይ ሳለ ስልክ ረስቶ መኪናው ጋ ሲመጣ የለሁም።

«ሹፌሩ የት ነው? የኔ ሹፌር ሁልጊዜ ጠፊ ነው።»

«ጠፊ አይደለሁም፣ ተራማጅ ነኝ» አልኩት። «ስብሰባዎ ሲያልቅ በሩ ላይ ያገኙኛል። ካላገኙኝ ያን ጊዜ ይክሰሱኝ።»

ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ፈርሜ ተቀበልኩና መራመዴን ቀጠልኩ። በኋላ እሱንም ስኳር አገኘው። አንድ ቀን ጊንጪ ላይ ሞተሩን ሳጠፋ ወርዶ «ወዴት ነው የምትሄደው?» አለኝ። «ገበያው ድረስ» አልኩት። አብሮኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያ የለም።

ያራገፍኩት ኪሎ ግማሹ ተመልሷል። እኔ እንደ ደረጀ ሸንበቆ አልሆንኩም፣ ልሆንም አልቻልኩም። ግን ወንጪ ድጋሚ ስንሄድ ወርጄ ወጥቻለሁ። ደረጀ የተቀመጠባትን ድንጋይ አልፌ ሄጄ ወደ ላይ ሆኜ ነው ያረፍኩት፤ እዚያማ አልቀመጥም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አዲስ ሐኪም መጣ፣ ወጣት ነው። ልብ የሚያነበውን ማሽን ደረቴ ላይ ለጥፎ ወረቀቱን ሲያወጣ ወርቅነሽ ነጠላዋን ጨብጣ ቆማለች። ዓይኔን አየ፣ እግሬን በመርፌ ጫፍ እየነካ ይሰማዎታል ይላል።

«አባባ፣ ክብደትዎን አሁንም አልወደድኩትም» አለ።

«እኔም አልወደድኩት። ግን ተላምደናል።»

«መቀነስ አለበት፣ ቀስ እያሉ። ልብዎ ግን ጥሩ ይሠራል። እግርዎም ይሰማል። በየቀኑ ይራመዳሉ?»

«ይራመዳል» አለች ወርቅነሽ፤ «እሱ ከቤት አይገኝም።» ከዚያ ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ብቻውን ቢሆን ችግር የለም?» ብላ ጠየቀችው።

«ምን ችግር አለ? ምግቡን ካላሳለፈ፣ ክኒኑን ከዋጠ፣ ከረሜላ ኪሱ ካለ ችግር የለም።»

ቤት እንደገባን ከአልጋ ሥር ሻንጣ አውጥታ አቧራውን ማራገፍ ጀመረች።

«ምንድነው?» አልኳት።

«ጌዶ ልሄድ ነው። እህቴ ጋ ሁለት ሳምንት እሰነብታለሁ። የእህቴን ልጅ ክርስትናም አላየሁ፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል።»

ሲነጋ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሻንጣውን ተሸክሜ፣ እሷ ከኋላ እያዘዘችኝ።

«ምሳህን በሰዓቱ ብላ።»

«እሺ።»

«ጉተማን ጠርተህ አብራችሁ ብሉ፣ እሱ አያሳልፍህም።»

«እሺ።»

«ማታ ደውል። ካልደወልክ ግን አልመጣም፤ ተኝቶ ነው ብዬ ነው የምተወው።»

ሚኒባሱ ሞላ፣ ተነሳ። በመስኮት አየኋት፤ አጠገቧ ከተቀመጠችው ሴትዮ ጋር ወሬ ጀምራለች። ዞራ እንኳ አላየችኝም። ያን ሁሉ ዓመት ይሞትብኛል ብላ ከአጠገቤ ያልተለየች ሴት ጥላኝ ሄደች።

መናኸሪያው መሃል ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።